የበኩሩ ልጅ የት ክርስትና ተነሣ?

በቤታችን ዘር የሚቆጥሩት የአያቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ እኔም አያቴ ነው የምላቸው። ወንዶቹን ሲቆጥሩ ትንፋሽ የሚወስዱ አይመስሉም። ጉና ሥር መጀመሪያ ጎጆ ከቀለሱት አባታችን ይነሡና እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያሉ እስከ አባቴ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ ወንድ ከስሙ ኋላ የተለጠፈለት ነገር አለ። አንዱ «በቅሎ ወዳዱ» ነው፣ ሌላው «ፍርድ አዋቂው»፣ የእሳቸው የገዛ አያት ደግሞ እስኪሞቱ ድረስ ያነክሱ ስለነበር በወንዙ ስም «ርብ የሰበራቸው» ይባላሉ። ሴቶቹ ጋ ሲደርሱ ግን ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን ወዝወዝ አድርገው «ሴቶችም ነበሩ» ይሉና ወደሚቀጥለው ወንድ ያልፋሉ። ልጅ ሳለሁ ያናድደኝ ነበር፤ ሳድግ ለመድሁት። እነዚያ «ነበሩ» ተብለው የታለፉ ሴቶች አንድ ቀን ተነሥተው በሠርጌ መካከል ይቆማሉ ብዬ አላሰብሁም።

እዚህ የማንንም ስም አልጠራም። ዘመዶቼ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ስልኬን ያውቁታል፣ መደወልም አይሰለቻቸውም። ደግሞ ታሪኩ ራሱ የስም ታሪክ ስለሆነ የአንዱን ጠርቼ የሌላውን ከምተው ሁሉንም መተው ይሻላል።

አረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ደብረ ታቦር ላይ ልብስ ስፌት ቤት ከፈትሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እናቴ ስለ ትዳር ማውራት ካቆመች ቆይታለች፤ ዝምታዋ ግን ከወሬዋ ይብስ ነበር። ያን ጊዜ የመጣልኝ ሰውዬ የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይጠግናል። መጀመሪያ የመጣው የተቀደደ ሱሪ ይዞ ነው። ሰፋሁለት። እንደገና መጣ፣ እንደገና ሰፋሁለት። ያንኑ ሱሪ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያመጣው ቀዳዳው በምላጭ የተበጀ መሆኑን ለየሁና «አንተ ሰውዬ፣ ሱሪህን ከምትጨርሰው አፍህን ብትከፍት አይሻልም?» አልሁት። ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ።

ሽማግሎቹ የመጡት በጥቅምት፣ እናቴ ያለችበት የገጠሩ ቤታችን ነው። አባቴ በሕይወት ስለሌለ ቤቱን ወክለው የተቀመጡት ቆጣሪው አያቴ ናቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ነገሩ መልካም ሄደ፤ የልጁ ጠባይ ተመሰገነ፣ ሥራው ተነገረ፣ ጠላው ተደነቀ። ከዚያ የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ሆነ። በኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ድረስ በእናትም በአባትም ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። ሁለቱም ወገን ወደ ላይ ይቆጥራል፤ አንድ አያት ላይ ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የነሱ ሽማግሌ ቆጠሩ። የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ጠሩ። የቅድመ አያቱ እናት ላይ ደረሱና ባለ ሦስት ፊደል ስም ተናገሩ፤ ከሌላ አገር የመጣች መሆኗን እንጂ አባቷን እንደማያውቁ ጨመሩ።

አያቴ የጠላውን ዋንጫ አስቀመጡ። «ቆይ፣ ቆይ። ምን አላችሁ ስሟን?»

ደገሙላቸው።

«ይህችማ የኛ ናት» አሉ። «የርብ የሰበራቸው እኅት። ወደ ታች አግብታ ሄደች፣ ባሏ ቤትም በዚህ ስም ይጠሯታል ሲሉ አባቴን ሰምቻለሁ። ልጆቹ በአምስተኛው ቤት ገጥመዋል።» ዋንጫውን መልሰው አንሥተው «እንግዲህ እግዜር አልፈቀደውም፤ ጠላችሁን ጠጡና በሰላም ግቡ» ብለው ጨረሱ።

ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲነሣ የወንበሩ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ያውም የምትታጨዋ። እኔ ግን መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አያቴ፣ ይህች ሴት እኛ ቤት ሳለች ማን ነበር ስሟ?»

«ነገርሁሽ እኮ።»

«እሱን ያወጣችላት አማቷ ናት። እናቷ ያወጣችላትን ነው የምጠይቅዎ።»

አያቴ አዩኝ፣ እናቴን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። አላወቁትም።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በኛ አገር ሴት ልጅ ሦስት ስም አላት። እናቷ ያወጣችላት የቤት ስም አለ። ቄሱ ያወጣላት፣ «ወለተ» ብሎ የሚጀምር የክርስትና ስም አለ፤ እሱን የነፍስ አባቷ ያውቀዋል፣ ሌላው ሰው ስትሞት በፍትሐቷ ላይ ይሰማዋል። ሙሽራ ሆና ባሏ ቤት ስትገባ ደግሞ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏም ጎረቤቷም የሚጠራት በዚያ ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ ልማዱ እየቀረ ነው፤ ገጠር ግን አለ። በዚህ ምክንያት የተወለደችበት ቤት የሚያውቃትና ያገባችበት ቤት የሚያውቃት ሁለት የተለያዩ ሴቶች ናቸው ማለት ይቻላል። አማቶች ደግሞ ስም ሲያወጡ ብዙ አይጨነቁም። ያች ባለ ሦስት ፊደል ስም በዚያ ዘመን የአገሩ ሙሽራ ሁሉ የምትጠራባት ነበረች።

ይህንኑ ለአያቴ ነገርኋቸው፤ እንዴት አድርጌ እንደነገርኋቸው አልደግመውም። ተቆጡ። እንግዶቹ ገና በር ላይ ሳሉ «እንግዲያው የኛይቱን ፈልጊና አምጪልኝ!» አሉ። «ያች የኛ ሴት ሌላ አገር አግብታ ሌላ ቤት ወልዳ ከሆነ፣ ዘሯን እፊቴ አቁሚልኝና እኔው ራሴ መርቄ እድርሻለሁ። እስከዚያ ግን የልጄን ልጅ ለወንድሟ አልሰጥም።»

«ቃላቸውን ሰምታችኋል?» አልሁ ወደ እንግዶቹ ዞሬ። ሰምተዋል።

ሰውዬው ማታውኑ ደወለ። ባሕር ዳር ሄደን ማዘጋጃ ቤት እንፈራረም፣ ማን ያግደናል አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም አያግደንም ነበር። እኔ ግን የተሰረቀ ዕቃ አይደለሁም። ደግሞ እናቴ ቁርጡን ነግራኛለች፤ «ደም ከሆነ እኔ እዚያ ሠርግ ላይ አልቆምም፣ አልመርቅሽምም። ካልሆነ እልል እያልሁ እቆማለሁ። ሄደሽ አጣሪ» ብላኛለች። ሰባት ዓመት በሰው አገር የቆየሁት ተመልሼ እናቴ ፊት ለመቆም ነው። ያለ ምርቃቷ ትዳር አልፈልግም ነበር። የምወደውን ሰው መተው ደግሞ አልችልም። ስለዚህ ከሞተች ብዙ ዘመን ያለፋትን ሴት ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ሽማግሎች ነው፤ ስሕተቴም እሱ ነበር። ያገኘሁት አዛውንት ሁሉ ቁጭ አድርጎ ወንዶቹን ይቆጥርልኛል። «ሴቶቹስ?» ስል «ሴት የሰው ናት» ይለኛል። አንዱማ ጭራሽ «የምን ሴት? ያ ቤት ሴት ወልዶ አያውቅም» አለኝ። እኔን ማን ወለደኝ ብዬ ልጠይቀው ነበር፤ እናቴ አብራኝ ስለነበረች ተውሁት። ቄሶቹ ጋ ሄድሁ። በጎ ሰዎች ናቸው፣ ግን የሚያውቁት የሙታን የክርስትና ስም ብቻ ነው። «ወለተ» የምትባል ሴት ስንት ትኖራለች? አገሩ በሞላ ወለተ ነው።

ጥቅምት እያለቀ ታናሽ እኅቴ ከባሕር ዳር መጣች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ደርሷል። ባሏ የሆስፒታሉን ነገር ሁሉ እዚያው አዘጋጅቶ ነበር፤ እናቴ ግን በስልክ ስትጮህበት ሰንብታለች። «የመጀመሪያ ልጅ እናቷ ቤት ነው የሚወለድ! ሆስፒታል ከሆነ ደብረ ታቦርም ሆስፒታል አለ!» እኅቴ ሁለት ሻንጣ ይዛ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ከባጃጅ ስትወርድ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

እናቴ እያቀፈቻት «ክርስትናውም እዚሁ ከሚካኤላችን ነው የሚሆን፤ በኩር የእናቱ አገር ታቦት ነው የሚቀበለው» አለች።

እኔ ሻንጣውን ይዤ ቀጥ አልሁ።

«እማዬ፣ ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ምኑ?»

«ሴቶቹ ሁሉ። የመጀመሪያ ልጃቸውን እናታቸው ቤት መጥተው ነው የሚወልዱት?»

«የትስ ሊወልዱ ነው? አማት ፊት ማን ያምጣል?»

ሻንጣውን መሬት ላይ ለቅቄ ሳቅሁ። እኅቴ ያበድሁ መስሏት ነበር። እኛ የሴቶቹን ስም ስንፈልግ ከርመናል፤ ስማቸውን አማቶቻቸው ለውጠውታል። የመጀመሪያ ልጃቸውን የትውልድ ቦታ ግን ማንም አይለውጠውም። ሴትዮዋ የኛ ቤት ልጅ ከሆነች በኩሯ ክርስትና የተነሣው እኛ ሚካኤል ነው። እዚህ ካልተነሣ የኛ አይደለችም። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ቆጣሪዎቹ ሳይሆኑ አራስ የሚጠይቁት ናቸው።

በማግሥቱ አንበሳሜ ሄድሁ። ሽማግሌ የተመለሰበት ቤት የታጨችው ልጅ በእግሯ ስትመጣ ያስቃል፤ የሰፈሩ ሰው አንገቱን አስግጎ አየኝ። በሩን የከፈቱልኝ የሰውዬው እናት ናቸው። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው አዩኝና «ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል» አሉ።

የፈለግሁት የሰውዬውን አያት እኅት ነው። እማሆይ ናቸው፤ ከመነኮሱ ቆይቷል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ይሰማል። መደብ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ያች ባለ ሦስት ፊደል ሴት የእሳቸው የአባታቸው እናት ነች። ጉልበታቸውን ሳምሁና አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«እማሆይ፣ አባትዎ ለእናታቸው ስንተኛ ልጅ ነበሩ?»

«በኩር ነው እንጂ! የመጀመሪያዋ።»

«የት ነው ክርስትና የተነሡ?»

እማሆይ ጥያቄው ደስ አላቸው፤ ፊታቸው በራ። «ጣራ ገዳም ሥር ነዋ። እናቱ የዚያ አገር ሰው ናት፤ እናቷ ቤት ሄዳ ነው የወለደችው። አባቴ እስኪሞት በየዓመቱ በእግሩ እየሄደ ለታቦቱ ጧፍ ያገባ ነበር። እኔንም አንድ ጊዜ በትከሻው ተሸክሞ ወስዶኛል። ጫካው ውስጥ ዝንጀሮ አይቼ አልቅሻለሁ።»

«ጉና ሥር አይደለም?»

«የምን ጉና? ጉናን እኔ በዓይኔ አይቼውም አላውቅ።»

«እና ይህን ለሽማግሎቹ ለምን አልነገሯቸውም?»

እማሆይ መቁጠሪያውን አቆሙት። «ማን ጠየቀኝ?»

የሰውዬው እናት በሩን ተደግፈው ይሰሙ ነበር። ገብተው ተቀመጡ። «የሴት ነገር እንዲህ ነው» አሉ። «እኔም እዚህ ቤት ስገባ አማቴ ሌላ ስም አወጡልኝ። በድሮው ስሜ የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ስሆን እኔው ራሴን ጠራ አደርጋለሁ» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም።

እኔም የራሴን ነገርኋቸው። አረብ አገር የሠራሁባት እመቤት ስሜ ለምላሷ ከበዳትና በገባሁ በሳምንቱ ሌላ ስም ሰጠችኝ። ልጆቿ በዚያ ጠሩኝ፣ እንግዶቿ በዚያ ጠሩኝ። ኋላ ኋላ በሕልሜም በዚያ እጠራ ጀመር። አውሮፕላን ማረፊያ እናቴ ከአጥሩ ማዶ ሆና በስሜ ስትጮህ ማንን እንደምትጠራ ለማወቅ ዘወር ብዬ ኋላዬን አይቻለሁ። ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር። የሰውዬው እናት እጄን ያዝ አደረጉት። ስወጣ ቅቤ በቅል አስያዙኝ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ አያቴ ጋ ሮጥሁ። ሰሙና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አሮጊት ናት፣ ተሳስታ ይሆናል። ደግሞ እሷ የነሱ ካልሆነች የኛይቱ የት ገባች? መሬት ዋጠቻት? ዘሯን አምጪ አልሁሽ እንጂ ወሬ አምጪ አላልሁሽም።» ያን ዕለት ከቤታቸው ስወጣ በሩን ያለ ልክ ወርውሬዋለሁ።

ግን እማሆይ ሳያውቁት መንገዱን ነግረውኛል። አባታቸው ክርስትና ወደ ተነሡበት ታቦት በየዓመቱ ጧፍ ይዘው ይሄዱ ነበር። የኛይቱ ሴት በኩርም ክርስትና የተነሣው እኛ ሚካኤል ነው። እንግዲህ ልጆቹ ወይ የልጅ ልጆቹ፣ ስሙን ረስተውት እንኳ፣ ጧፉን ካልረሱት ለንግሥ ይመጣሉ ማለት ነው። የኅዳር ሚካኤል ደግሞ ደርሶ ነበር።

በኅዳር ሚካኤል አገሩ ሁሉ ነጭ ይለብሳል። ታቦቱ ዞሮ ከገባ በኋላ ሰው ወደ ውጭ ሲፈስ እኔ ከቅጥሩ በር ላይ ቆምሁ። ፊቱ የማላውቀውን ሁሉ አስቆማለሁ። «ይቅርታ፣ ከየት ነው የመጣችሁ? ለምን እዚህ ሚካኤል መጣችሁ?» የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ የምሰበስብ መስሏቸው ጎንበስ ብለው አለፉኝ። አንዱ ጎረምሳ የቀበሌ ሰው መስዬው መታወቂያውን አወጣ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «ምን አግብቶሽ?» አለችኝ፤ ልክ ናት። ፀሐዩ ጠና። ከጋይንት የመጣ አለ፣ ስለት ያለበት አለ፣ ጠበል ፈልጎ የመጣ አለ። የበኩር ነገር የሚያውቅ ጠፋ። ሰውዬው ከሩቅ ዛፍ ሥር ቆሞ ያየኛል፤ እንዳይጠጋኝ ነግሬዋለሁ፣ ሰው ፊት አብረን መታየት አልነበረብንም።

ሕዝቡ ሊያልቅ ሲል አንዲት ጠና ያለች ሴት ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ወጣች። ነጠላዋ ላይ የሰም ጠብታ አለ።

«እትዬ፣ ከየት ነው የመጣችሁ?»

«ከይፋግ።»

«ከይፋግ ድረስ? እዚያ ሚካኤል የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ። ግን አያታችን እዚህ ነው ክርስትና የተነሣው። ጧፍ አገቡልኝ ብሎ ተናዞ ነው የሞተ። በየዓመቱ አንዳችን እንመጣለን።»

«አያታችሁ ለእናታቸው በኩር ናቸው?»

«በኩር ነው። አንቺ በምን አወቅሽ?»

«እናታቸው ማን ይባሉ ነበር?»

ባለ ሦስት ፊደሏን ስም ጠራች። እኔ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ላይ ቆሜ እልል አልሁ። እጇን ያዝሁና እየጎተትሁ አያቴ ከሽማግሎች ጋር ወደ ተቀመጡበት ጥላ ወሰድኋት። ልጆቿ ከኋላ «እናታችንን የት ነው የምትወስጃት?» እያሉ ይሮጣሉ።

አያቴ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጡም። ሴትዮዋን ካስቀመጡ በኋላ ጠየቋት። የቅድመ አያቷን ባል ወገን ጠየቁ፣ የመሬቱን አዋሳኝ ጠየቁ፤ መለሰች፣ እሳቸው ግን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በመጨረሻ «ቅድመ አያትሽ ስትሞት ከወገኗ ለለቅሶ ማን መጣ?» አሉ።

«ከወገኗ የመጣው ወንድሟ ነው ይላሉ» አለች ሴትዮዋ። «ጊዜው ክረምት ነበር። ወንዝ ሲሻገር በቅሎው አዳልጧት ጣለችው፤ እግሩ ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመው አገቡትና ተኝቶ ነው ያለቀሰላት። እኛ ቤት ወራት ከርሞ እያነከሰ ነው አገሩ የገባ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የቱን ወንዝ?» አሉ አያቴ። ድምፃቸው ተለውጧል።

«ርብን ነዋ። ይፋግ ከርብ ማዶ አይደል?»

አያቴ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጋድመው ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ርብ የሰበራቸው፣ ርብ የሰበራቸው እያልሁ ስንት ዘመን ቆጠርሁ» አሉ። «ርብ ዳር ምን ሊሠሩ ሄዱ ብዬ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለእኅታቸው ነው እኮ! ለእኅታቸው ሊያለቅሱ ሄደው ነው!» ከዚያ ተነሥተው ሴትዮዋን አቅፈው አለቀሱ። ሴትዮዋም ምንም ሳይገባት አብራ አለቀሰች።

እኔ አላለቀስሁም። ደስታዬ ልቅሶ የሚፈቅድ አልነበረም። ከዛፉ ሥር የቆመውን ሰውዬ በእጄ ጠራሁት፤ ሮጠ። አያቴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይህ ነው እንዴ ልጁ? ሱሪው ለምን የተጣፈ ነው?» አሉ። እናቴ ያን ዕለት ከሚካኤል እስከ ቤታችን እልል እያለች ሄደች፤ አገሩ የሆነ ነገር የተወለደልን መስሎት ነበር። እውነትም በሳምንቱ እኅቴ ወለደች።

ወሬው ሲዳረስ ሌሎቹም ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ። ሰው ጥያቄውን ከኔ ቀምቶ እርስ በርሱ ይጠያየቅ ጀመር፤ «የናንተ በኩር የት ክርስትና ተነሣ?» ሆነ ወሬው። ርብ የሰበራቸው አራት እኅቶች ነበሯቸው ለካ። አንደኛዋ ደብረ ታቦር ሥር፣ ከሱቄ ብዙም ሳትርቅ ወልዳለች፤ የልጅ ልጅ ልጇ እኔ ጋ ቀሚስ የምታሰፋ ደንበኛዬ ናት፣ ዋጋ ስንከራከር ነው የኖርን። አንደኛዋ ወደ ጋይንት ሄዳለች። አራተኛዋ እስካሁን አልተገኘችም። እየፈለግኋት ነው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ይፋጎች በአንድ ሚኒባስ ተጠቅጥቀው መጡ፤ በሙሽሪት ወገን ተቀምጠው ከማንም በላይ ጨፈሩ። አያቴ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ቆመው መረቁን፣ ከምርቃቱ በፊትም ዘር ቆጠሩ። ርብ የሰበራቸው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አላወዛወዙም። ሦስቱን እኅቶች ከነአገራቸው፣ ከነበኩራቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው በሰው መካከል ፈለጉኝና «ልክ ነኝ?» አሉ። «ልክ ነዎት አያቴ» አልሁ። የእናቴን ጉልበት ሳምሁ፣ መረቀችኝም። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ማምሻውን አንበሳሜ ደረስን። የሰውዬው እናት ግቢ በሰው ተሞልቷል። መግቢያው ላይ ሲቀበሉኝ ሴቶቹ አጨብጭበው «ስሟ ማን ይባል? ስሟ ማን ይባል?» ማለት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ ያልፈራሁ ሰው ያን ጊዜ ፈራሁ። በልቤ ግን ወስኛለሁ፤ የሚሰጡኝን ተቀብዬ ዝም እላለሁ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ የሰጡኝን እለምደዋለሁ ብያለሁ። አንድ ጊዜ ለምጄ የለ?

የሰውዬው እናት እጄን ይዘው ከፍ አደረጉትና ስሜን ጠሩ። እናቴ ያወጣችልኝን።

ጭብጨባው ተንጠባጥቦ ቆመ። አንዲት አክስት «አይ እትዬ፣ አዲሱን ነው የጠየቅንዎት» አለች።

«አዲሱም እሱ ነው» አሉ። «ይህን ስም ይዛ ነው የመጣችው፤ የልጅ ልጆቿ ሲፈልጓት በዚህ ያግኟት።» ደግመው ጮክ ብለው ጠሩኝ። እልልታው ግቢውን ሞላው። ያን ጊዜ አለቀስሁ፤ ኩሌ ጉንጬ ላይ እስኪወርድ ነው ያለቀስሁት፣ አላፈርሁም።

ግርግሩ በረድ ሲል ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ «የእርስዎስ ማን ነበር?» አልኋቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ዞር ዞር ብለው አይተው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ደስ የሚል ስም ነው፤ የልጅ ስም። የአማትን ስም ምራት አትጠራም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከፊቱ «እማማ» ጨመርሁበትና እንግዳው ሁሉ እየሰማ ጠራኋቸው።

«አቤት!» አሉ፣ እናቷ እንደጠራቻት ልጅ።